የተመለሰ

ዓርብ ነው። ስፌት ቤቱ ዝግ ነው። ነዳጅ ተጋርቼ
ወፍራ ድረስ ሄድኩኝ፣ ሰው መኪና ገብቼ፣
የቲማቲሙ እርሻ ከሚያልቅበት በላይ፣
አሸዋው አስፋልቱን ከሚሻገርበት ላይ፤
አቧራ ፀሐይዋን በሻሽ ጠቅልሏታል፣
ሰዓቴን ባላየው ማታ ይመስለኛል።

«ግልገል ነው የምትፈልጊው?» አለች ደላል ከበሩ፤
ክንዷ ላይ የጥፍር ጭረቶች እንደ ማሽን ስፌት ተሰድረው ነበሩ።
ግልገል ነበር ያልኩት ስመጣ፣
ክር ሲተበትብ የሚያስቀኝ፣ ቤቴ ድምፅ እንዲያወጣ።

እሷ ግልገሎቹን ስታሳየኝ፣ ሲንጫጩ፣ ሽቦው ላይ ሲወጡ፣
ዓይኔ ሄዶ ያረፈው ከታች ነው፣ ከጨለማው ሣጥን ውስጡ።
አንዱ አልተነሳም።
ብርቱካናማ ነው፣ ጆሮው የተተለተለ፣
እንደ አሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ የተጣለ፤
አንድ ዓይኑ ዳመና፣ ሌላው ግን ደህና ነው፤
አየኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ አይቶ እንዳበቃ ሰው፣ ጨፈነው።

ካርዱ ሽቦው ላይ ታስሯል። ደላል አነበበችልኝ፣
አረብኛው በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አልገባ ብሎኝ፦
ስም፦ ሚሽሚሽ።
ዕድሜ፦ አሥራ አራት።
ኩላሊት፦ ደካማ። የቀረ ጥርስ፦ ሰባት።
ባለቤቶቹ አገር ለቀቁ።
አንዴ ተወስዶ፣ በአሥር ቀኑ ተመለሰ።

ተመለሰ።
እዚህ ቃል ላይ ልቤ አነከሰ።
አውቃታለሁ፤
ከሃያ ዓመት በፊት መክተብ በር ላይ፣ ፌስታሌን እንደያዝኩ ሰምቻታለሁ።
«አልተስማማችንም» አለች ማዳም፣ ቁጣ እንኳ ሳይኖራት፣
ጫማ እንደጠበባት፣
ደረሰኝ ይዛ እንደመጣች፣ ልኩ እንዳልሆነላት።
ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ ከአዳዲሶቹ መሃል፤
የሚመርጥ ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ እኔን ያልፋል።

«ለምን መለሱት?» አልኳት።
«ተደብቆ አልወጣ አለ። አይጫወትም። ሌሊት ይጮኻል።»
ሳቅኩ። ደላል ደነገጠች።
«እኔንም እኮ» አልኳት፣ «የመጀመሪያው ሰሞን እንደዚያ ያደርገኝ ነበር።»

ፈረምኩ። መታወቂያዬን ተቀብላ አየች፣
«ትርንጎ»ን ሦስቴ ስታ አራተኛው ላይ አገኘች።
«ምን ማለት ነው?» «ፍሬ ነው፣ ቢጫ፣ ልጣጩ የሚወፍር።»
«ሚሽሚሽም ፍሬ ነው!» አለችና ሁለታችንን አየችን፣
እንደ ሰርግ ሽማግሌ፣ ደስ ብሏት፣ አጋብታ እንደጨረሰችን።

ስሙን አልቀይርም።
እኔን በመጀመሪያው ቤት ሱማያ ብለውኛል፤
ዛሬም ፈርዋኒያ ገበያ «ሱማያ!» ሲል ሰው፣ አንገቴ ይዞራል።

ሦስት ቀን ከስፌት መኪናዬ ሥር ከረመ።
ውኃ አስገባለሁ፣ ሳህን አወጣለሁ፣
ና አላልኩትም።
ሌሊት ጮኸ። ሺራጁል ከወዲያ ማዶ ግድግዳውን መታው፤
ተነሳሁ። በሩን ነው የሚያየው፣ የሚመጣ ሰው እንዳለው።
ኀዘኑ በአረብኛ ይሆናል ብዬ፣ በአረብኛ አባበልኩት፤
አልሆነም። በአማርኛ ሰደብኩት።
ዝም አለ።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይላል የአገሬ ሰው፤
የሱን ዓመል ማን ይንገረኝ? አሥራ አራት ዓመቱን ለብቻው ነው የሚያውቀው።
በአራተኛው ሌሊት፣ ኤሲው ባልዲ ላይ ሲያንጠባጥብ፣
ወጣ፤ ሳይቸኩል፣ ወለሉን በአፍንጫው ሲያነብ፤
እንዳልተጠራ እንግዳ ዙሪያውን አሽትቶ፣
ነገ የማስረክበው የኡም ፈይሰል አባያ ላይ ተኛ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

ጠዋት ጠጉሩን በፕላስተር ለቀምኩት፣ አንድ በአንድ፤
ሁሉም አልለቀቀም። ይሂድ።
ዛሬ ጃህራ ሰርግ አለ፤ ከጥቁሩ ሐር ጫፍ ተጣብቶ
አንድ ብርቱካናማ ጠጉር ይጨፍራል፣ ትልቅ አዳራሽ ገብቶ።

የድመት ነፍስ ሰባት ነው ይላሉ እዚህ፤
ስንቱን እንደጨረሰ አልጠየቅኩም። የራሴንም አልቆጠርኩ።
ክኒኑን ሰርዲን ውስጥ ደብቄ አቀረብኩ።
ሰርዲኑን በላ።
ክኒኑን ሳህኑ ዳር ላይ፣ ልሶ፣ አጥርቶ፣
ተወልኝ።